የአሜሪካ ላይሰንስ ወይስ የአውሮፓ? ፓይለት መሆን ለምታስቡ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

«ፓይለት መሆን እፈልጋለሁ፤ አሜሪካ ሄጄ ልማር ወይስ አውሮፓ?» ይህ ጥያቄ ከወልድያም፣ ከመርሳም፣ ከሀብሩ ገጠር ቀበሌዎችም በውስጥ መስመር በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ቲክቶክ ላይ አንዱ «የአሜሪካ ላይሰንስ በዓለም አንደኛ ነው» ይላል። ሌላው «አውሮፓ 13 ፈተና ያስፈትናል፤ ከባዱ እሱ ስለሆነ የሚበልጠውም እሱ ነው» ብሎ ይመልሳል። በመሃል ደላላው ይመጣና «የትም ተማሩ፣ ላይሰንሱ ዓለም አቀፍ ነው፣ የትም ያሠራችኋል» ብሎ ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል። ቤተሰብ ደግሞ ቤት አስይዞ፣ ከብት ሸጦ፣ ውጭ ያለ ዘመድ አስቸግሮ ለመክፈል ይነሳል።

ስለዚህ መልሱን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ። ዋናው ጥያቄ «የቱ ይበልጣል?» አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ተምሬ ስጨርስ የት ሀገር የመሥራት መብት አለኝ?» የሚለው ነው። ላይሰንስ የሚመረጠው በዚህ ነው። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

👉 «ዓለም አቀፍ ላይሰንስ» የሚባል ነገር አለ?

የለም። ያለው ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ መስፈርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ50 በላይ ሀገራት ቺካጎ ላይ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አደረጉ። ከዚያ የተወለደው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) የአብራሪ ፈቃድ ቢያንስ ምን ማሟላት እንዳለበት ይደነግጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ኢካኦ ሳይሆን እያንዳንዱ ሀገር ነው፦

• በእኛ ሀገር፦ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
• በአሜሪካ፦ ኤፍኤኤ (የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር)
• በአውሮፓ፦ በኢያሳ (የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ) ሕግ መሠረት የእያንዳንዱ ሀገር ባለሥልጣን

በኢካኦ ደንብ ሁለት ደረጃዎችን ለዩ። የመጀመሪያው የንግድ አብራሪ ፈቃድ ነው፤ ከ18 ዓመት ጀምሮ በ200 የበረራ ሰዓት ይገኛል፣ በጸደቀ ተከታታይ ሥልጠና ከሆነ ደግሞ በ150። ሁለተኛው የአየር መንገድ አብራሪ ፈቃድ ነው፤ 21 ዓመትና 1500 ሰዓት ይጠይቃል። የትልቅ አውሮፕላን ካፒቴን ለመሆን ሁለተኛው ግድ ነው። ረዳት አብራሪ ለመሆን ግን በኢካኦ ደንብ የመጀመሪያው ይበቃል። የአሜሪካና የአውሮፓ ጠብ የሚጀምረው እዚችው ጋ ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ላሊበላ ወይም ኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚያርፈውን አውሮፕላን አካል ብታዩ «ኢቲ» ብሎ የሚጀምር ምዝገባ ተጽፎበታል፤ አውሮፕላኑ በኢትዮጵያ የተመዘገበ ነው ማለት ነው። የኢትዮጵያ ላይሰንስ ያለው ካፒቴን ያንን አውሮፕላን ይዞ ፍራንክፈርትም ዋሽንግተንም ያርፋል፤ ማንም አይከለክለውም። በስምምነቱ መሠረት አብራሪው አውሮፕላኑ ከተመዘገበበት ሀገር ፈቃድ ካለው ሌሎች ሀገራት ይቀበሉታል። ያው ካፒቴን ግን ነገ ተነስቶ በአሜሪካ የተመዘገበ አውሮፕላን ላይ በካፒቴንነት ልቀጠር ቢል የአሜሪካ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አንድ ሀገር የሌላውን ፈቃድ አጽድቆ ወይም ለውጦ መስጠት ይችላል፤ አይገደድም። «የትም ያሠራል» የሚለው የደላላ ቃል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

👉 የአሜሪካው መንገድ፦ ሰዓት፣ ሰዓት፣ ሰዓት

በአሜሪካ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ነው። የግል አብራሪ ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ የማብረር ብቃት ይጨመራል። ከዚያ የንግድ ፈቃድ በ250 ሰዓት ይመጣል፤ ኤፍኤኤ ባጸደቀው ተከታታይ ሥልጠና ከሆነ በ190። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ቀጥሎ ፈታኙ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ በቃል ይጠይቃል፣ አብሮም ይበርራል። የጽሑፉ ማለፊያ 70 ከመቶ ነው። «አሜሪካ ቀላል ነው» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ቆይ፤ በ250 ሰዓት የአየር መንገድ ሥራ የለም። መደበኛ የመንገደኛ አየር መንገድ ውስጥ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ 1500 ሰዓትና ቢያንስ 21 ዓመት ያስፈልጋል። ቅናሽ አለ፦ በአቪዬሽን ባችለር ዲግሪ ላለው 1000፣ ከወታደር ቤት ለመጣ አብራሪ 750 ሰዓት። ሌላው ሰው በመሃል ያለውን ከ1200 በላይ ሰዓት ራሱ መፈለግ አለበት። አብዛኛው የሚያደርገው የበረራ አስተማሪ መሆን ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ሌላውን እያስተማረ ሰዓቱን ያጠራቅማል። ከዚያ ወደ ትንንሽ የክልል አየር መንገዶች፣ ቀጥሎ ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል።

👉 1500 ከየት መጣ?

ይህ ሕግ ሁልጊዜ አልነበረም። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ ተከስክሶ 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነበር፤ አየር መንገዳችን በሀገር ውስጥ በረራ የሚጠቀምበት ዓይነት። ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ካፒቴኑ አፍንጫውን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ወደ ላይ ሳበው። የሟች ቤተሰቦች ምክር ቤቱን አላስቀምጥ አሉ፤ በ2010 ሕጉ ወጣ፣ በ2013 ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። የዚያ በረራ ካፒቴን ከ3300፣ ረዳት አብራሪዋ ከ2200 በላይ ሰዓት ነበራቸው። አዲሱ ሕግ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሁለቱንም አያግድም ነበር። የሕጉ ደጋፊዎች፣ በተለይ የአሜሪካ አብራሪዎች ማኅበር፣ «ልምድ ሕይወት ያድናል፤ ከዚያ ወዲህ ደኅንነታችን ተሻሽሏል» ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሜዳ ዙሪያ ሺህ ሰዓት መዞር ጄት ማብረር አያስተምርም» ይላሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

👉 የአውሮፓው መንገድ፦ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ ኮክፒት

በኢያሳ ሥር 27ቱ የአውሮፓ ኅብረት ሀገራት፣ በተጨማሪም ኖርዌይ፣ አይስላንድ፣ ስዊዘርላንድና ሊክተንስታይን አሉ። አንዱ ሀገር የሰጠው ላይሰንስ በሁሉም ይሠራል። እንግሊዝ ግን ከኅብረቱ ስትወጣ ከዚህም ወጥታለች፤ አሁን የእንግሊዝ ላይሰንስ ሌላ፣ የኢያሳ ላይሰንስ ሌላ ነው። «ለንደን ተምሬ ፓሪስ እቀጠራለሁ» የምትሉ ልብ በሉ።

አውሮፓ ተማሪውን መጀመሪያ መጽሐፍ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከሜትሮሎጂ እስከ አየር ሕግ፣ ከአውሮፕላን ክብደት ስሌት እስከ የሰው ልጅ አካልና አእምሮ ድካም ድረስ 13 የጽሑፍ ፈተናዎች አሉ። እያንዳንዱ ማለፊያው 75 ከመቶ ነው። ከመጀመሪያው ፈተና ጀምሮ በ18 ወር ውስጥ ሁሉም ማለቅ አለባቸው፤ አንዱን ትምህርት አራት ጊዜ ከወደቃችሁ ሁሉንም ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ይህን አልፎ በ150 ወይም በ200 ሰዓት የንግድ ፈቃድ የያዘ ሰው በሁለት አብራሪ የመሥራት ሥልጠና ይጨምርና በቀጥታ ለአየር መንገድ ማመልከት ይችላል። 1500 ሰዓቱን የሚሞላው ረዳት አብራሪ ሆኖ፣ ካፒቴን አጠገብ ቁጭ ብሎ ነው። ፈተናውን አልፎ ሰዓቱ ያልሞላለትን «የቀዘቀዘ» ላይሰንስ አለው ይሉታል፤ ሰዓቱ ሲሞላና የመጨረሻውን የበረራ ፈተና ሲያልፍ ይቀልጣል። ከ2006 ወዲህ ደግሞ አብዛኛው ሥልጠና በሲሙሌተር የሆነ፣ 240 ሰዓት የሚጠይቅ፣ ሰልጣኙን ከመጀመሪያው ለአንድ አየር መንገድ የሚያዘጋጅ ሌላ ዓይነት ፈቃድም መጥቷል።

ጥሩ ይመስላል አይደል? ችግሩ ብዙ ጊዜ ወጪው ላይ ነው። ሙሉ ሥልጠናው መቶ ሺህ ዩሮ ቢጠጋ ወይም ቢያልፍ አትደነቁ፤ አሜሪካም ቢሆን ከዜሮ ተነስቶ መቶ ሺህ ዶላር የሚያልፍ ትምህርት ቤት አለ። አውሮፓ ላይ በዚህ ላይ፣ ለአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ዓይነት የሚወሰደውን ሥልጠና አዲስ ገቢው ከኪሱ እንዲከፍል የሚያደርጉ አየር መንገዶች አሉ። እንደ አሜሪካው እያስተማሩ ሰዓት የማጠራቀም ልማድም ያን ያህል የተስፋፋ አይደለም። ቅጥር በቆመበት ዓመት የተመረቀ ሰው ዕዳውን ይዞ ይቀመጣል።

👉 361 ሰዓት፦ ክርክሩ እኛ ቤት የገባበት ቀን

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሞቱ። በሪፖርቱ መሠረት ካፒቴኑ ከ8100 በላይ፣ ረዳት አብራሪው 361 ሰዓት ነበራቸው። ይህች 361 የምትባል ቁጥር ወዲያው የውጭ ሚዲያ መነጋገሪያ ሆነች። አንዳንድ የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች «የአሜሪካ አብራሪ ቢሆን ያድነው ነበር» ወደሚል ንግግር ሄዱ።

እውነታውን በልኩ እናስቀምጠው። በ361 ሰዓት ረዳት አብራሪ መሆን የኢካኦን ደንብ አይጥስም፤ አውሮፓም የምታደርገው ነው። የቦይንግ 737 ማክስ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ብቻ ተነስቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ ነበር። ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ ምክንያት 189 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑ በአሜሪካ ለ20 ወር ያህል ከበረራ ታግዶ ሥርዓቱ ተቀይሯል፤ ቦይንግም እ.ኤ.አ. በ2021 ከተጎጂ ቤተሰቦች ጋር ባደረገው ስምምነት ለአደጋው ኃላፊነቱን ወስዷል። ሃድሰን ወንዝ ላይ አውሮፕላን ያሳረፈው አሜሪካዊው ካፒቴን ሰለንበርገር በሲሙሌተር ሞክሮት፣ የሚመጣውን አስቀድሞ እያወቀ እንኳ አብራሪዎቹ ጊዜና ከፍታ እንዴት ሊያጥራቸው እንደሚችል እንዳየ ለምክር ቤቱ ተናግሯል።

የሌላውን ወገንም መደበቅ አይገባም። የአሜሪካው ኤንቲኤስቢና የፈረንሳዩ ቢኢኤ የኢትዮጵያ የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን አሠራር በበቂ ሁኔታ አልመረመረም ብለው አስተያየታቸውን አውጥተዋል። ስለ ሥልጠና መነጋገር ተገቢ ነው። 361ን ብቻ ነጥሎ አደጋውን በአንድ ሟች ወጣት ላይ መጫን ግን ሚዛን መሳት ነው። ስለ ላይሰንስ የሚወራው ወሬ ሁሉ ንጹሕ የደኅንነት ወሬ አይደለም፤ ገበያና የሀገር ክብርም አለበት።

👉 ይህ ፉክክር ለኛ ሰማይ አዲስ አይደለም

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ ሰማይ ለሁለት ተከፍሎ ነበር ማለት ይቻላል። አየር ኃይሉን ቢሾፍቱ ላይ ያሠለጠኑት ስዊድናውያን ነበሩ፤ መሪያቸው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረልን፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ የሞተው ሰው ነው። አየር መንገዱን ያቋቋሙት ደግሞ አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1945 ከቲደብሊውኤ ጋር ውል ተፈርሞ በ1946 የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። ከወረራው በፊት ለኢትዮጵያ የበረረውና ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን ያሠለጠነው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን ከፎን ሮዘን ጋር የነበረው ቅራኔ እስከ ጠብ ደርሷል።

ኢትዮጵያ ግን ከሁለቱም ተማረች፤ በአንዱም ተጠቅልላ አልቀረችም። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገድ ካፒቴን ሆኑ። በ1964 አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተ። በ2010 ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ከሌሎች የአፍሪካ ሀገራት የሚመጡ ተማሪዎችንም ያሠለጥናል።

👉 ታዲያ የሚቀጥረኝ ማን ነው?

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ።

አሜሪካ፦ የውጭ ተማሪ የሚገባው በተማሪ ቪዛ ነው። ብዙ የበረራ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት የሙያ ተማሪ ቪዛ (ኤም 1) መደበኛ ሥራ አያስፈቅድም፤ ከሥልጠና በኋላ የሚፈቀደውም የተግባር ልምምድ ቢበዛ ስድስት ወር ነው። በአካዳሚክ ተማሪ ቪዛ (ኤፍ 1) ከሆነ አንድ ዓመት ያህል ይገኛል። ከ250 ወደ 1500 ሰዓት መድረሻው ደግሞ አስተምሮ መሥራት ነው። መሥራት ካልተፈቀደ መሰላሉ በመሃል ይሰበራል። በአንጻሩ ዲቪ ደርሶት ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርድ ይዞ እዚያው ያለ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ለእነሱ የአሜሪካው መንገድ ትክክለኛው ነው።

አውሮፓ፦ የአብዛኞቹ አየር መንገዶች የቅጥር ማስታወቂያ «በአውሮፓ ኅብረት ያለገደብ የመኖርና የመሥራት መብት» ይጠይቃል። ያ ከሌለ 13ቱን ፈተና በመቶ ብታልፉም ማመልከቻው አይታይም። ላይሰንስ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም።

በሁለቱ መካከል፦ አሜሪካና አውሮፓ እርስ በርስ እንኳ ተስማምተው አልጨረሱም። ከ2021 ወዲህ አንዱ የሌላውን ላይሰንስ በቀላሉ እንዲለውጥ የተስማሙት ለግል አብራሪ ደረጃ ነው፤ ለንግድና ለአየር መንገድ ደረጃ አይሠራም። የአሜሪካ ላይሰንስ ያለው አብራሪ አውሮፓ ሲሄድ ከእነዚያ ፈተናዎች ጋር ይፋጠጣል።

ኢትዮጵያ፦ ብዙ ልጆቻችን የሚያልፉት ይህን ነው፤ ግን የእኛ አሠራር ወደ አውሮፓው ይጠጋል። አየር መንገዱ ሰልጣኝ አብራሪ ሲቀበል ወጪውን ይሸፍናል፤ ሰልጣኙ በምላሹ ለዓመታት ለማገልገል ውል ይፈርማል። በጥቂት መቶ ሰዓት ረዳት አብራሪ ይሆናል፣ ቀሪውን እየሠራ ይሞላል። ውድድሩ ከባድ ነው፤ ማስታወቂያው በወጣ ቁጥር የዕድሜ፣ የትምህርትና የቁመት መስፈርቱን ከአየር መንገዱ ከራሱ ገጽ ላይ አንብቡ እንጂ ከተላለፈ ስክሪንሾት አትውሰዱ። ከዚያ ሰዓትና ልምድ ሲኖራችሁ በር ይሰፋል፤ የባሕረ ሰላጤው ትልልቅ አየር መንገዶች ከመላው ዓለም ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች ይቀጥራሉ።

👉 አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

1. ጤና መጀመሪያ። አንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን የጤና ምርመራ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ በፈቀደላቸው ሐኪሞች ዘንድ አድርጉ። ቀለም መለየት አለመቻል አንዱ እንቅፋት ነው፤ ከክፍያ በኋላ መስማት ያማል።

2. እንግሊዝኛ። ኢካኦ ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው፤ ቢያንስ 4 ያስፈልጋል። ደረጃ 4 ያለው በሦስት ዓመት አንዴ ይፈተናል። ይህን ወልድያ ተቀምጦ፣ በስልክ መጀመር ይቻላል።

3. ትምህርት ቤቱን «ላይሰንሱን የሚሰጠው የየት ሀገር ባለሥልጣን ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። «ዓለም አቀፍ» ብሎ ከመለሰ አልመለሰም ማለት ነው።

4. የትምህርት ቤቱን ስም በባለሥልጣኑ የጸደቁ ተቋማት ዝርዝር ውስጥ ራሳችሁ ፈልጉ። ደላላው የላከው ፎቶ ማስረጃ አይሆንም።

5. ወደ ሀገር ተመልሳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ያንን ላይሰንስ ለመለወጥ ምን እንደሚጠይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጠይቁ።

6. ሙሉ ክፍያ በአንዴ አትክፈሉ። ሥልጠናው ደረጃ አለው፤ ክፍያውም በደረጃ ይሁን። የበረራ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

7. በመጨረሻ፣ ቤተሰብ ቁጭ ባለበት ይህን አንድ ጥያቄ ጮክ ብላችሁ ጠይቁ፦ «በተመረቅሁ ማግስት በየትኛው ሀገር፣ በምን ፈቃድ፣ እሠራለሁ?» የሀገሩን ስም መጥራት ከቻላችሁ ላይሰንሱ ራሱ ይታወቃል። መጥራት ካልቻላችሁ ከብቱም አይሸጥ፣ ቤቱም አይያዝ።

ይህን ጽሑፍ ደላላ ለያዘው ጓደኛችሁ ላኩለት። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልን፤ የምናውቀውን እንመልሳለን።